ከሰማይ ከረንት ጋር የኖረው ክርስቲያን ቢርክላንድ

ከረንት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦ በሌለበት ሰማይ ላይ፣ የመሬትን የማግኔት መስክ ተከትሎ ከረንት ይወርዳል ብሎ የተከራከረው ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢርክላንድ በ1867 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ ተወለደ። በዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ በ1899 በሰሜን ኖርዌይ ሃልዴ ተራራ ላይ ጣቢያ አሠርቶ የብርዱን ወራት እዚያው አሳለፈ። በ1902 ደግሞ አራት ጣቢያዎች አቋቁሞ የማግኔት መርፌ በየቦታው እንዴት እንደሚናወጥ አስመዘገበ። ላቦራቶሪ ውስጥም፣ ማግኔት ያለባትን ትንሽ ሉል አየሩ በወጣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ኤሌክትሮን ለቀቀባት። ብርሃኑ በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ቀለበት ሠራ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። በ1903 ከሳም አይዴ ጋር ሆኖ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የአየርን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ ዘዴ ፈጠረ፤ ያገኘውንም ለምርምሩ አዋለው። ማዳበሪያ ለወሎ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

በ1908 ሐሳቡን በመጽሐፍ ቢያወጣም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከእሱ በኋላ ዝነኛ የሆነው ሲድኒ ቻፕማን፣ ከረንቱ ከላይኛው አየር አይወጣም ባይ ነበር። ችግሩ፣ መሬት ላይ የተተከለ መሣሪያ ብቻውን ሁለቱን ሐሳቦች መለየት አለመቻሉ ነው፤ መርፌው በሁለቱም አንድ ዓይነት ሊናወጥ ይችላል። ቢርክላንድ በ1917 ቶኪዮ ላይ፣ ሳይፈረድለት፣ በ49 ዓመቱ ሞተ። ፍርዱ የመጣው ሳተላይት ከላይ ሆኖ ከለካ በኋላ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ ከረንቱ በስሙ ይጠራል።

ሁሉም ግን አልሰመረለትም። ብርሃኑን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች በቀጥታ ከፀሐይ ይመጣሉ ብሎ ነበር። አሁን እንደሚታወቀው፣ የፀሐይ ነፋስ የመሬትን የማግኔት መስክ በሌሊቱ በኩል እንደ ጅራት ይስበዋል። እዚያ የመስክ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲገናኙ ኤሌክትሮኖች ጉልበት ያገኛሉ፤ ጅራቱን የሚያቋርጠው ከረንትም ከፊሉ ወደ ዋልታ ይወርዳል።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ቀን ቀን ከበላዩ የሚፈሰውን ከረንት ሲመዘግብ ኖሯል። ትልቅ የማግኔት ማዕበል ሲነሳ ደግሞ መሬትን በሩቁ የሚከበው ከረንት መስኩን ሲቀንሰው በዚያው መዝገብ ላይ ይታያል። መርፌው የሚነግረን ግን የሁሉንም ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ድርሻ አይደለም። ቢርክላንድን ዕድሜውን ሙሉ ያከራከረው ይኸው ነው፤ መሬት ላይ ሆነን የምንለካ ሁሉ ልናስበው ይገባል።