ካሪስ የሚለውን ቃል የመረመረ መምህር

ፊልጶስ ሜላንክቶን በ1497 ዓ. ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ብሬተን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። የቤተ ሰቡ ስም ሽቫርትሰርት ነበረ፤ ትርጓሜውም ጥቁር አፈር ማለት ነው። ዘመዱ የሆነው ሊቅ ዮሐንስ ሮይኽሊን ግን ብላቴናው በግሪክ ቋንቋ የነበረውን ትጋት አይቶ ስሙን ወደ ግሪክ መልሶ ሜላንክቶን አለው። በ1518 ዓ. ም. ገና የ21 ዓመት ጎልማሳ ሳለ የግሪክ ቋንቋ መምህር ሆኖ ወደ ዊተንበርግ መጣ፤ ለሉተርም ወዳጅና የሥራ ባልንጀራ ሆነለት።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ ጸጋ በሰው ነፍስ ውስጥ የሚጨመር ባሕርይ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ በኃጢአቱ የተጨነቀ ሰው ይህ ነገር በእርሱ መኖሩን ለማወቅ የገዛ ልቡን ይመረምር ነበር፤ ዕረፍትንም አያገኝም ነበር።

ሜላንክቶን ግን ወደ ቃሉ ምንጭ ሄደ። ሐዋርያው ጳውሎስ የጻፈው ቃል በግሪክ ካሪስ ነው። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የተረጐሙት ሰዎችም ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ያገኘውን ሞገስ በዚሁ ቃል ጠሩት። እኛም በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን አንዱን ቃል በአንዱ ስፍራ ሞገስ፥ በሌላው ስፍራ ጸጋ ብለን እናነበዋለን። እንግዲህ ሜላንክቶን በ1521 ዓ. ም. ባሳተመው የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ፥ ጸጋ ማለት እግዚአብሔር ለእኛ ያለው በጎ ፈቃድ እንደ ሆነ አስረዳ። በልባችን የሚሠራው የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ከዚህ ሞገስ የሚመጣ ነው፤ ሞገሱ ግን አስቀድሞ በእግዚአብሔር ልብ አለ።

በ1530 ዓ. ም. በአውግስቡርግ ጉባኤ የቀረበውን የሃይማኖት መግለጫ የጻፈው እርሱ ነው። ሆኖም ይህ መምህር ራሱ በ1540 ዓ. ም. ተፈተነ። አንድ መስፍን ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ከሉተር ጋር ስለ ሰጠው ምክር ኅሊናው ወቀሰው፤ ከኀዘንም የተነሣ በቫይማር ከተማ ለሞት እስኪቀርብ ታመመ። ሉተር መጥቶ አጥብቆ ጸለየለት፤ እርሱም ዳነ። በዚያች ሰዓት በልቡ ውስጥ ሊመካበት የሚችል ነገር አልነበረውም፤ የቀረለት ለሌሎች ያስተማረው የእግዚአብሔር ሞገስ ብቻ ነበረ።

በ1560 ዓ. ም. በዊተንበርግ አረፈ፤ በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ በሉተር መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

አንባቢ ሆይ፥ ኅሊናህ በሚከስስህ ቀን ጸጋን በራስህ ውስጥ አትፈልግ። ስለ ክርስቶስ ብሎ ፊቱን ወደ አንተ ወደ መለሰው አባት ተመልከት።