አበበ ቢቂላና የሰውነት ሒሳብ

ለመክሳት ብሎ ራት የሚተው፣ ሁለት ቀን ሮጦ ሚዛን ላይ የሚወጣ ተማሪ በየግቢው ሞልቷል። እኔ ባደግሁበት በመርጡለ ማርያም ደግሞ ውፍረት የምቾት፣ ክሳት የችግር ምልክት ተደርጎ ሲወራ ነው የሰማሁት። ሁለቱንም አመለካከት እንድንመረምር የሚያደርግ ሕይወት ስፈልግ ሻምበል አበበ ቢቂላን አገኘሁ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ገብቶ ሳለ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠኑት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው።

በሩጫ ዘመኑ ክብደቱ 57 ኪሎ ገደማ ነበር። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሯጭ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ማራቶን ለአበበ 2,400 ያህል ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን 7,700 ገደማ ይይዛል። ሙሉ ማራቶን እንኳ ሲሶ ኪሎ ስብ አያቀልጥም ማለት ነው! የሁለት ቀን ሩጫ ምን እንደሚቀንስ እናንተው ገምቱ። ከምናቃጥለው አብዛኛው ተኝተን እንኳ ልብ፣ ጉበት፣ አንጎልና ጡንቻ የሚጠቀሙበት ነው። ዝም ብሎ የሚራብ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ ሰውነቱም የሚያቃጥለውን ይቀንሳል።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የማይሠራ ጡንቻ ይመነምናል፤ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ያንሳል። እሱ ግን በእጆቹ ቀጠለ። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ላይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ስፖርትን የመክሳት ቅጣት አናድርገው። እንጀራውን በሽሮና በምስር፣ ከጎመን ጋር፣ በልክ እንብላ። ታክሲውን ትተን በእግራችን እንሂድ። ሚዛኑንም ለወሩ መጨረሻ እናቆየው።