ተክለ ሃይማኖት (የጎጃም ንጉሥ)

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት (ከንግሥና በፊት ራስ አዳል ተሰማ) በ1840 ዓ.ም. ገደማ ተወልደው በጥር 1893 ዓ.ም. ያረፉ፣ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የጎጃም ንጉሥ የነበሩ መሪ ናቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው ከእምባቦ ጦርነትና ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ነው። የግዛታቸውን ዕድል ከጦርነት ባላነሰ የወሰነው ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱን ከብት የጨረሰው የደስታ በሽታና ተከትሎት የመጣው ክፉ ቀን ነበር።

== ትውልድና ሹመት ==

አዳል ተሰማ የተወለዱት ጎጃምንና ዳሞትን ይገዛ ከነበረ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ (ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ) ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከዚያ በኋላ በጎጃም የበረቱት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ነበሩ፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምትባለውን ከተማ መንቆረር በሚል ስም የቆረቆሯትም እሳቸው ናቸው።

የአዳል የወጣትነት ዘመን ከተድላ ልጅ ከደስታ ተድላ ጋር በሥልጣን ሲሻኮቱ አለፈ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን በመዳር ከአዳል ጋር ተዛመዱ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዙፋኑን ከያዙ በኋላ ደግሞ ደስታ ተሸንፈው አዳል በራስነት የጎጃም ገዥ ሆነው ጸኑ። በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት በሚል ስመ መንግሥት የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡአቸው። ከሸዋው ከንጉሥ ምኒልክ ቀጥሎ በዮሐንስ ሥር ሁለተኛው ንጉሥ መሆናቸው ነው። ሹመቱ ምኒልክን ለማመዛዘን የተደረገ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ከፋ ያኔ ገና በጎጃም እጅ አልነበረችምና። መንቆረርም በዘመናቸው በተሠራው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች።

== እምባቦ፣ መተማና ሳር ውሃ ==

ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለው አገር ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱንና ወርቁን ለመቆጣጠር የጎጃምና የሸዋ ጦር የሚገናኙበት ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ሁለቱ ነገሥታት ተዋጉ። የራስ ጎበና ፈረሰኞች ውጊያውን ለሸዋ አዞሩት፤ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቁስላቸውን አስታመሙአቸው። አፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን፣ ከምኒልክ ወሎን ወሰዱ።

በጥር 1879 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የመሐዲስቶችን ጦር ድል አደረጉ። ድሉ ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ አዛዥ አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ መጥቶ ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰበረ። ከንጉሡ ቤተሰብ ጭምር የተማረኩ ነበሩ። ጎንደርም ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም።

== የአፄ ዮሐንስ ጦር በጎጃም ==

ከሳር ውሃ ሽንፈት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሠ ነገሥቱ ርቀው ወደ ምኒልክ ተጠጉ፤ ሁለቱ እምባቦን ረስተው በዮሐንስ ላይ ተስማሙ። አፄ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦራቸውን ይዘው ዓባይን ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ተክለ ሃይማኖት በግልጥ ሜዳ ከመግጠም ይልቅ አምባ ላይ መሸጉ። ንጉሠ ነገሥቱም ንጉሡን ከአምባው ማውረድ ሲያቅታቸው አገሩን ቀጡ።

በዚያ ዘመን ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ቢወጣም ዘመቻው ሲረዝም የሚበላው ከባላገሩ ነበር። ሠራዊቱ ባረፈበት አገር እህል ከጎተራ ይወጣል፣ በሬና ላም ይታረዳል፣ የተረፈው ይነዳል። ጎጃም ለብዙ ሳምንታት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱ ታረቁ፤ ዮሐንስም በደረሰው ጥፋት እንደተጸጸቱ ይነገራል። ከጎጃም ወጥተው ወደ መተማ ወርደው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ ወደቁ። ተክለ ሃይማኖትም ለአፄ ምኒልክ ገብተው በንግሥናቸው ጸኑ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ሠራዊታቸው ተሰብሯል፣ አገራቸው ተዘርፏል፤ የባሰው ግን ገና እየመጣ ነበር።

== የደስታ በሽታና ክፉ ቀን ==

የደስታ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ የቀንድ ከብት በሽታ ነው። ቫይረሱ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ሰውን አይነካም። የያዘው በሬ ያተኩሰዋል፣ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ቀጥሎ ብርቱ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ድኖ የተነሣ ግን ዳግመኛ አይያዝም። (እንዲህ ያለ መቅሠፍት ደስታ መባሉ የሚፈራን ነገር በመልካም ስም ከመጥራት ልማድ የመጣ ይመስላል።)

በሽታው ወደ አገሪቱ የገባው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለጣሊያን ጦር ስንቅ ተብለው በምጽዋ ወደብ ከወረዱ ከብቶች እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። የአካባቢው ከብት ከዚያ በፊት ይህን በሽታ ስለማያውቀው ምንም የመከላከል አቅም አልነበረውም። ከምጽዋ ወደ ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ቤጌምድር፣ ጎጃም፣ ሸዋና ደቡብ ተዛመተ። በእርሻና በአርብቶ አደር አገሮች ካለው ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል።

ቫይረሱ ከእንስሳው ገላ ውጭ ብዙ አይቆይም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በአፍንጫና በአፍ ፈሳሽ እንዲሁም በእበት፣ ከብቶቹ ሲቀራረቡ ነው። ስለዚህ ሩቅ የሚደርሰው ከብት ሲነዳ ነው። በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ከብት ያልተነዳበት መንገድ አልነበረም። የአፄ ዮሐንስ ጦር በ1880 ዓ.ም. ምጽዋ አጠገብ እስከ ሰዓጢ ወርዶ ተመልሷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎጃም ገባ፤ ከዚያ ወደ መተማ ሄደ። ለበሽታው አንድን ሠራዊት ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ያስቸግራል፤ ነጋዴውም ተፈናቃዩም ከብቱን ይዞ ይጓዝ ነበርና። ለእርድ የሚነዳና በምርኮ የተሰበሰበ፣ የተራበና የደከመ መንጋ ግን ለእንዲህ ያለ በሽታ ከሁሉ የተመቸ ነው።

ጎጃም በተለይ የተጎዳችበት ምክንያት አስተራረሷ ነው። ከዳሞት እስከ ቢቸና፣ ከእነማይ እስከ ዲማ ያለው ደጋና ወይና ደጋ በማረሻና በጥማድ በሬ የሚታረስ አገር ነው። ጤፍ መሬቱ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ተመላልሶ እስኪታረስና እስኪለሰልስ ድረስ አይዘራም፤ ይህን ጥቁር አፈር ያለ በሬ ማለስለስ ከሰው ጉልበት በላይ ነው። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ሁለቱም ሲሞቱ የሚቀረው ዶማ ብቻ ነው። መተኪያውም ቶሎ አይደርስም፤ ላም ዘጠኝ ወር አርግዛ የወለደችው ጥጃ ወይፈን ሆኖ ቀንበር እስኪለምድ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በ1881 ዓ.ም. ከብቱን ያጣ ገበሬ፣ የተረፈች ላም ብትኖረው እንኳ፣ በራሱ በሬ ዳግመኛ ያረሰው ከ1885 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ የመጡት በዚህ ላይ ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውም ለዚህ ነው። ከረኀቡ ጋር ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ሌላም ወረርሽኝ ገባ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚለው ቁጥር በብዙ መጻሕፍት ይገኛል፤ ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም።

ጉዳቱ ከማሳ አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱም ይደርሳል። ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቀ የምሥራቅ ጎጃም ደብር ነው። እንደዚህ ባለው ደብር የሚማር የቆሎ ተማሪ የሚኖረው አኩፋዳውን ይዞ በየመንደሩ በሚለምነው ቁራሽ ነው። ገበሬው ካላረሰ ቁራሽ የለም፣ ቁራሽ ከሌለ ጉባኤው ይበተናል። የንጉሡ ግብርም ያው ከዚያው ማሳ የሚወጣ ነበር።

በሽታውን በመድኃኒት ማዳን ያኔ በየትም አገር አይቻልም ነበር። መከላከል ግን ይቻል ነበር። ሮም ውስጥ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሐኪም ላንቺዚ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታመመውን ከብት ገድሎ መቅበርን፣ መንገድ መዝጋትንና መንጋ አለማቀላቀልን አስተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1761 ሊዮን ላይ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው በሽታ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1865 የገባባትን ወረርሽኝ የገታችው ከብት እንዳይንቀሳቀስ በመከልከልና የታመመውን በመግደል ነበር። ይህ ሁሉ ከክትባት በፊት የሆነ ነው። የሚጠይቀው ሰላምና የታዘዘውን የሚያስፈጽም መንግሥት ነበር። ተክለ ሃይማኖት ግን በአንድ በኩል ከመሐዲስቶች፣ በሌላ በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተፋጠው በነበሩበት ዓመት መንገድ መዝጋት አይችሉም ነበር፤ በሁለቱም ጠብ ውስጥ የገቡት ደግሞ በከፊል በራሳቸው ምርጫ ነው። ስለ እሳቸው የሚጻፉ ታሪኮች እምባቦን በሰፊው ተርከው ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ሚዛኑን ያዛባዋል።

በሸዋ በኩል አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ፤ ሕዝቡ ከብት አጥቶ ሳለ የበሬ ሥጋ አልበላም ማለታቸውም ተጽፏል። በ1884 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ወታደሩ ባላገሩን ከመብላት ይልቅ በአስራት እንዲቀለብ ሥርዓት አወጡ።

== ዓድዋና የመጨረሻ ዘመን ==

ክፉ ቀን ካለፈ አራት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው የዓድዋ ዘመቻ የታወጀው። ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር መርተው ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጎን ሆነው ተዋጉ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እምባቦ ላይ ማርከዋቸው ከነበሩት ሰው ጋር መሰለፋቸው ብዙ ጊዜ ይነሣል። የበለጠ የሚያስገርመው ግን ያን ያህል በሬ ያለቀበት አገር እንዲህ ያለ ሠራዊት መልሶ ማሰለፍ መቻሉ ነው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ምኒልክ ከእርሳቸው በኋላ ለጎጃም ሌላ ንጉሥ አልሾሙም፤ ግዛቱንም ከፋፍለው ለልዩ ልዩ ሹማምንት ሰጡ። ከልጆቻቸው መካከል ራስ በዛብህና በኋላ ጎጃምን ለረጅም ዘመን የገዙት ራስ ኃይሉ ይታወቃሉ። በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ ተማርከው በንጉሡ ቤት ያደጉት ሠዓሊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉት የጎጃም ታሪክ ስለ ዘመኑ ከሚታወቁት ምንጮች ዋናው ነው።

== በሽታው ከንጉሡ ሞት በኋላ ==

የደስታ በሽታ ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ ዘልቆ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ሮበርት ኮክ ለምርምር የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው። በሽታ አምጪው ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በማጣሪያ የሚያልፍ ነገር መሆኑን አዲል ሙስጠፋና ሞሪስ ኒኮል ኢስታንቡል ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች አንትወርፕ ወደብ ላይ አርፈው በሽታውን ቤልጅግ አስገቡ፤ የምጽዋው ታሪክ በአውሮፓ ወደብ ተደገመ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት በ1924 የተመሠረተው ይህን ተከትሎ ነው።

በኢትዮጵያ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1956 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ላይ ተቋቋመ። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ የሠራው ክትባት አንድ ጊዜ ተወግቶ ዕድሜ ልክ የሚከላከል ነበር፤ ሙቀት ግን ያበላሸዋል። በኋላ የተገኘው ሙቀት የሚችል ዓይነት ያለ ማቀዝቀዣ በቆላው አገር በእግር እየተያዘ ሊወሰድ ቻለ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ሲሆን፣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የቅርብ ዘመዱ የበግና የፍየል ደስታ ግን ዛሬም በኢትዮጵያ አለ፤ እርሱንም በክትባት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል።