ከክንፋቸው ሥር ሮኬትም እህልም የጫኑት አብራሪ፦ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን

በስድስት ኪሎ አደባባይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ሰፊ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ ቀድሞ ግን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም በዚህ ግቢ ውስጥ ከወሎ የመጡ ፎቶግራፎች ለእይታ ቀረቡ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ዘልቀው፣ በአደባባይ ሳይነገር የቆየውን ረኃብ በዓይናቸው አይተውና በምስል ይዘው ተመልሰው ነበር። ጥማድ በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተኮለኮለው ገበሬ ምስል የከተማውን ሰው አስደነገጠ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ረኃቡን ለመዋጋት ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት መካከል አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ስዊድናዊ አብራሪ ይገኙበታል። ሰውየው ለሀገሪቱ እንግዳ አልነበሩም። የገነተ ልዑል ባለቤት የነበሩትን ንጉሠ ነገሥት ለአሥር ዓመታት ያህል አገልግለዋል፤ ከዚያም በፊት በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያን ቁስለኞች በአውሮፕላን አመላልሰዋል። ስማቸው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ይባላል።

ቮን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም በስዊድን ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለዱ። ልባቸው ያዘነበለው ግን ወደ ሞተርና ወደ በረራ ነበር። በወጣትነታቸው በትርኢት አብራሪነት በሕዝብ ፊት አየር ላይ እየተገለባበጡ ኖሩ። የእናታቸው እኅት የናዚ ጀርመን አየር ኃይል መሪ የነበረው የኸርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች። ይህ ዝምድና ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል ሊዋጉ ቢጠይቁም በዚሁ ምክንያት ተቀባይነት አላገኙም።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1921 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ዓመት ሳይሞላው የጦር መሣሪያ ሆነ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ አዋጅ የያዘ ወረቀትና ቦምብ ከሰማይ ወረደ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲወርር ደግሞ የኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ቦምብና የመርዝ ጋዝ በላዩ ዘነበበት።

ቮን ሮዘን በዚያ ዓመት የስዊድን ቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን ይዘው ኢትዮጵያ ገቡ። የያዙት አውሮፕላን መሣሪያ አልነበረውም፤ ጋሻው የቀይ መስቀል ምልክት ብቻ ነበር። ምልክቱ ግን አላዳነም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። በመጋቢት ወር ደግሞ ቮን ሮዘን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ተወካይ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ኮረም ባረፉበት ጊዜ አውሮፕላናቸው ከአየር ተመትቶ ተቃጠለ። በጋዝ የተለበለቡ ሰዎችንም እዚያው ተመለከቱ።

ከኮረም በኋላ የቮን ሮዘን ሕይወት በሁለት መንገድ መካከል ሲመላለስ ኖረ። አንዱ መንገድ ያልታጠቀ አውሮፕላን ይዞ ለተጎዳ መድረስ ነው፤ ሌላው ደካማው እንዲመክት ያልታጠቀውን አውሮፕላን ማስታጠቅ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ መጀመሪያ የሞከሩት በፊንላንድ ነው። ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረችበት ክረምት፣ ዲሲ-2 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን ገዝተው የቦምብ ማንጠልጠያና መትረየስ አስገጠሙለት። በየካቲት 1932 ዓ.ም አንድ ሌሊት ይዘውት ወጥተው ቦምብ ጥለው ተመለሱ። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ለቦምብ ጥቃት አልዋለም።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ዛሬም አልቀረም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፒ-8 ፖሳይደን የሚባለው የባሕር ቃኚ ጄት የተሠራው ከቦይንግ 737 ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ የሚያመላልስበት አውሮፕላን ዘመድ ማለት ነው። ዋና ሥራው በውኃ ላይና በውኃ ውስጥ ያለውን መፈለግ ሲሆን፣ ከክንፉ ሥር መርከብ የሚመታ ሃርፑን ሚሳይል ይታጠቃል። ቃኚን አውሮፕላን ማስታጠቅ አይቶ ሌላ ከመጥራት ይልቅ አይቶ ራሱ እንዲመታ ማድረግ ነው። ለዚህም ክንፉ ጭነቱን እንዲችል መጠናከር፣ ክብደቱ በግራና በቀኝ መመጣጠን፣ የመልቀቂያው ገመድ እስከ አብራሪው እጅ መድረስ አለበት። በአህያ ጀርባ ላይ እህል የጫነ ገበሬ የሚዛንን ነገር ያውቀዋል፤ አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ መንገድ ላይ ይዞራል።

ከጦርነቱ በኋላ ቮን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከ1938 እስከ 1948 ዓ.ም ድረስ ደብረ ዘይት፣ በዛሬው ስሟ ቢሾፍቱ፣ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀትና ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን በማሠልጠን ሠሩ። በ1939 ዓ.ም ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የሥልጠና አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥተው፣ የትም ሳያርፉ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ30 ሰዓት ገደማ በርረው አዲስ አበባ አሳረፏት። ከ40 በላይ ሳብ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችም ከስዊድን ተገዝተው መጡ። በ1928 ዓ.ም ከሰማይ የሚመጣባትን መመከት ያቃታት ሀገር የራሷ ክንፍ እንዲኖራት ከደከሙት የውጭ ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

ስማቸው በዓለም የገነነው ግን በቢያፍራ ነው። ከናይጄሪያ ልገነጠል ያለችው ቢያፍራ ተከብባ ሕዝቧ በረኃብ ሲያልቅ፣ በነሐሴ 1960 ዓ.ም የእርዳታ እህል የጫነ አውሮፕላን ከዛፍ ጫፍ ብዙም ከፍ ሳያደርጉ አብርረው ገቡ። ይህን ሲያደርጉ መሣሪያ አልያዙም። የናይጄሪያ አየር ኃይል የእርዳታ ማረፊያውን መደብደቡን ሲቀጥል ግን ቮን ሮዘን ወደ ሁለተኛው መንገድ ተመለሱ።

ኤምኤፍአይ-9 የተባሉ አምስት ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ተገዙ። የእያንዳንዱ ሞተር 100 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከአንድ የእርሻ ትራክተር ብዙም አይበልጥም። ጋቦን ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ፤ ከክንፋቸው ሥርም 68 ሚሊ ሜትር ሮኬቶች ተገጠሙላቸው። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም ቮን ሮዘን ስዊድናውያንና ቢያፍራውያን አብራሪዎችን አስከትለው በፖርት ሃርኮርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የመጀመሪያውን ጥቃት ሰነዘሩ። በተከታታይ ቀናትም ሌሎች ማረፊያዎችን መቱ፤ መሬት ላይ የቆሙ የጦር አውሮፕላኖችም ወደሙ።

ድርጊቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ። የተራበን ሕዝብ ከድብደባ ማዳን ነው ያሉ ነበሩ፤ ጦርነቱን ማራዘም ነው ያሉም ነበሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ጉዳዩን ለማስታረቅ የተቋቋመውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ኮሚቴ የሚመሩ ሲሆን፣ ድርጅቱ የናይጄሪያን አንድነት ይደግፍ ነበር። የቀድሞ አገልጋያቸው በሌላው ወገን ተሰልፈው ተገኙ።

ከመጀመሪያው ጥቃት ሁለት ሳምንት ብቻ እንዳለፈ የናይጄሪያ ተዋጊ ጄት እህል የጫነ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ ሠራተኞቹ ሞቱ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የእርዳታ በረራም ተቋረጠ። በኮረም የነደደው ዓይነት ምልክት የያዘ አውሮፕላን ዳግመኛ ነደደ። ቢያፍራም በጥር 1962 ዓ.ም እጅ ሰጠች።

የስድስት ኪሎው የፎቶግራፍ ትርኢት ያጋለጠው የረኃብ ዘመን ቮን ሮዘንን ወደ ኢትዮጵያ ሲጠራቸው ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ችግሩን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ወረዳ እህል ቢኖር እንኳ፣ ገደልና ወንዝ ለሁለት በከፈለው ደጋ ላይ ለተቀመጠው ቤተሰብ የሚደርሰው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነው። አጋሰሱ በድርቅ ካለቀ መንገዱም አብሮ ይሞታል።

ቮን ሮዘን ይዘው የመጡት ኤምኤፍአይ-15 በቢያፍራ የተዋጋችው አውሮፕላን ታናሽ ወንድም ነበር። ከክንፉ ሥር ማንጠልጠያዎች ነበሩት፤ የዚህ አውሮፕላን የጦር ሞዴል በእነዚህ ቦታዎች ላይ ሮኬት ይሸከማል። ቮን ሮዘን በሮኬቱ ቦታ የእህል ጆንያ አንጠለጠሉበት። መኪና ወደማይደርስባቸው መንደሮች እየበረሩ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ያህል ብቻ ከፍ ብለው፣ ቀድሞ ሮኬት ይለቅ በነበረው ብልሃት ጆንያውን ለቀቁት። ለማረፊያ ሜዳ መጥረግ አላስፈለገም፤ ክፍት ማሳ ይበቃ ነበር።

ትንሽ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ የምትሸከመው ጥቂት ኩንታል ነው። ይህ ሚሊዮኖችን ለሚቀልብ ሥራ በቂ አይደለም፤ ከረኃቡ ስፋት አንጻር የቮን ሮዘን ጆንያዎች ጥቂት ነበሩ። ሆኖም ገደል መሐል ለታሰረ አንድ መንደር አንድ ኩንታል እህል ዕድሜ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም ረኃብ፣ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች በፖላንድ ሄሊኮፕተሮች እየታገዙ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ መሬቶች ላይ እህል በጆንያ ጥለዋል።

ቮን ሮዘን ያንን ለማየት አልደረሱም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም፣ በኦጋዴን ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ለማድረስ ጎዴ በነበሩበት ወቅት፣ ከሶማሊያ በኩል በተሰነዘረ ጥቃት ተገደሉ። የ67 ዓመት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በአየር ላይ ያሳለፉት አብራሪ ሞት ያገኛቸው በምድር ላይ ነው።

በጦርነት ያደረጉት ዛሬም ያከራክራል። ያስታጠቋቸው አውሮፕላኖች የፊንላንድንም የቢያፍራንም ጦርነት ውጤት አልለወጡም። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የጣሉት እህል ግን የደረሰበት ቤት በዚያ ምሽት እሳት አንድዷል።