ጓንትን ያስለመዱት ሐኪምና ደብቀው የኖሩት ሕመም

በምሥራቅ ጎጃም ሉማሜም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ቁስል የሚያጥብ የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ጓንት ያጠልቃል። ይህ ልማድ በቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲገባ ካደረጉት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ሃልስቴድ ናቸው። እኚህ ሰው ግን የሱስ ታማሚም ነበሩ።

ሃልስቴድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1852 በኒውዮርክ ነው። በ1884 ኮኬይን ለማደንዘዣነት እንደሚያገለግል ሲታወቅ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በራሳቸው ሰውነት ላይ ሞከሩት። መድኃኒቱን ነርቭ አጠገብ በመውጋት አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳዩ። ሙከራው ግን ሱስ አስያዛቸው፤ ከባልደረቦቻቸውም ሕይወታቸው የተበላሸ ነበሩ።

በ1886 ፕሮቪደንስ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ። በዘመኑ ለኮኬይን ሱስ ሞርፊን ይሰጥ ስለነበር በሌላ ሱስ ተያዙ። ወዳጃቸው ዶክተር ዊልያም ዌልች ግን አልራቋቸውም። ባልቲሞር ወስደው በቤታቸው አስጠጓቸው፤ በቤተ ሙከራቸውም አሠሯቸው።

ሃልስቴድ በ1890 የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆኑ። የማጽጃ ኬሚካል እጃቸውን ላቆሰለባቸው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን የላስቲክ ጓንት አሠሩላቸው፤ በኋላም ተጋቡ። በ1922 እስኪያርፉ ብዙ ቀዶ ሐኪሞችን አሠለጠኑ። ሞርፊኑ ግን ለረጅም ዓመታት አልለቀቃቸውም። ይህን የመዘገበው የባልደረባቸው የዶክተር ዊልያም ኦስለር ምስጢራዊ ማስታወሻ የተከፈተው በ1969 ነው።

ሃልስቴድ ያላገኙት ሕክምና የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ዶክተር ቪንሰንት ዶል፣ ዶክተር ማሪ ናይስዋንደርና ዶክተር ሜሪ ጂን ክሪክ ሜታዶን ለሄሮይን ሱስ እንደሚረዳ አሳዩ። መድኃኒቱ በአፍ ይወሰዳል፤ በተመጠነ መጠን ሲሰጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ አምሮቱንና የማቋረጥ ስቃዩን ያስታግሳል። ቡፕረኖርፊን የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት ደግሞ ከ1996 ጀምሮ በፈረንሳይ ጠቅላላ ሐኪሞች ያዙታል። ሁለቱም የሚያገለግሉት ለሄሮይን፣ ለሞርፊንና ለመሰሎቻቸው እንጂ ለኮኬይን ወይም ለጫት አይደለም።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ የሚበጁ ምክሮች አሉ፦

ትራማዶል ወይም ፔቲዲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየወሰዱ ማቆም ካቃተዎ፣ ሳይደብቁ በአቅራቢያዎ ላለ ጤና ጣቢያ ይንገሩ። አንዱን መድኃኒት በራስዎ ፈቃድ በሌላ አይተኩ።

አረቄ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጡ ከኖሩ በድንገት አያቋርጡ፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያስከትል፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ባለሙያ የማረጋጊያ መድኃኒት መጥኖ፣ ቫይታሚን ቢ1 ጨምሮ ይከታተልዎታል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነም ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል።

ቤተሰብም ሱሰኛውን ከማግለል ይልቅ ወደ ሕክምና ይዞ ይሂድ፤ ቢያገረሽበትም በድጋሚ ይውሰደው። ሱስ ሕመም ነው፤ ክትትሉም እንደ ስኳርና ደም ግፊት ጊዜ ይወስዳል።