በላይ ዘለቀ፦ አርበኛው እና አብሮት የተሰቀለው ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ ስትኖሩ የበላይ ዘለቀን ስም ሳትሰሙ አትውሉም። አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ነው። ከእኛ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ባጃጅ ብትይዙ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ ትደርሳላችሁ። ፎቶው ደግሞ የስንቱ ፕሮፋይል ላይ አለ! አንዱ ለኢትዮጵያ አንድነት ይለጥፈዋል፣ ሌላው ለብሔሩ። ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ። እስኪ ሰውየውን ራሱን እንየው።

አባቱ ዘለቀ ላቀው የጎጃም ቢቸና ሰው፣ እናቱ ጣይቱ አሰኔ የወሎ ቦረና ሴት ነበሩ። በላይ ገና ከውልደቱ አባይን ወዲህም ወዲያም የሚል ሰው ነው ማለት ነው። አባቱ የልጅ ኢያሱ ወገን ነበሩ። ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የመንግሥት ሰዎች ገደሏቸው። በላይ ያኔ ልጅ ነው። ቂሙን ይዞ አደገ፣ ሸፈተም።

በ1928 ጣሊያን ሲገባ እንዲህ ያለ ቂመኛ ይፈልግ ነበር። ኤርትራንና ሶማሊያን ጨምሮ ግዛቱን ለ6 ከፈለው፣ ክፍፍሉም በአብዛኛው ዘርን የተከተለ ነበር። ጎጃም አማራ በተባለው ግዛት ውስጥ ገባ፣ ዋና ከተማው ጎንደር ሆነ። ለአንዱ ሕዝብ ከአማራ ጌቶች ነፃ አወጣንህ ይለዋል፣ ለጎጃሜው ደግሞ የሸዋን አገዛዝ ያነሳበታል።

እዚህ ጋ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይመጣሉ። የጎጃሙ ንጉሥ ልጅ ናቸው። በ1924 አፄ ኃይለ ሥላሴ ሽረው አስረዋቸው ነበር። ጣሊያን ሲገባ አብረውት ቆሙ። የጎጃም ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነበር፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ወራሪው ግን ያንኑ ቅሬታ እጀታ አድርጎ ያዘው።

በላይም ቅሬታ ነበረው፤ ያውም የአባት ደም። ሆኖም 5 ዓመት በአባይ በረሃ ተዋጋ። ጣሊያን በአማላጅ ግባ፣ ሹመት ውሰድ ቢለው እምቢ አለ። ለተከታዮቹ ራስ፣ ደጃዝማች እያለ ማዕረግ ሲያድል እሱ ልጅ በላይ እንደተባለ ቀረ። እናቱ ያወጣችለት ስም ከሹመት በላይ ነው ብሎ መለሰ ይባላል።

ለእኛ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አርበኛ የሚጠይቀው ቤቱን ማን ደፈረው ብሎ ነው። ብሔርተኛ ቤቱ የማን ነው፣ ማንስ ባዳ ነው ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ጥያቄ ሁሌ ክፉ ነው አንልም፣ ከበደልም ይወለዳል። ግን እሱ ብቻ ሲቀር ጠላት በቀላሉ ይገባበታል። ፋሺዝም ራሱ ልክ ያጣ ብሔርተኝነት ነበር።

በላይን መልአክ አናድርገው። በ1933 ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣሊያን ጦር አባይን ሲሻገር አሳልፎታል፣ ከራስ ኃይሉ ጋር በጋብቻ ሊተሳሰር አስቦ ነው ተብሎ ይወቀሳል። ነገሩ ዛሬም ያከራክራል።

ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ የቢቸና ገዢ ሆነ። ጣሊያንን ያገለገሉት ከእሱ በላይ ሲሾሙ ግን ከፋው። ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፣ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለወጥለትም ከእስር አምልጦ እንደገና ተያዘ። ጥር 4 ቀን 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

አብሮት የተሰቀለው ማን መሰላችሁ? ማሞ ኃይሉ፣ ለጣሊያን የተዋጋው የራስ ኃይሉ ልጅ። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ።

አገሩን የወደደ ሰው ከመንግሥቱ ጋር ሊጣላ ይችላል፤ በላይ ተጣልቶ ነው የሞተው። ግን ጣሊያን መጥቶ እያለ ቂሙን አላስቀደመም። ፎቶውን ፕሮፋይል ከማድረጋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ የእኛን ቂም ዛሬ እጀታ አድርጎ የያዘው ማን ነው?