ሐኪሙ ሻርል ፖንሴ በዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት

በ17ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ነገሥታት ከሚለዋወጡት እጅ መንሻ መካከል፣ መድኃኒትነት አለው የሚባል ብርቅ ነገር ትልቅ ቦታ ነበረው። ከእንስሳ ሆድ የሚወጣ ድንጋይና ከሩቅ አገር የሚመጣ ዝባድ ከከበረ ዕንቍ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጡ ነበር። አገራችንን ከዚህ ታሪክ ጋር ካገናኙት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፖንሴ በካይሮ በሕክምናና በመድኃኒት ቅመማ ይተዳደር ነበር። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የቈዳ ደዌ ስላሠቃያቸው፣ በ1698 ሐጂ ዓሊ የተባለው ነጋዴያቸው ሐኪም ፍለጋ ካይሮ ደረሰ። ሐጂ ዓሊ ራሱም ሕመምተኛ ነበርና ፖንሴ አከመው፤ በመፈወሱም ወደ ጎንደር ሊወስደው ፈቀደ። የፈረንሳይ ቆንስል ደ ማዬ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከተው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ከ60 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ለካቶሊክ ካህን በሩ ገና ዝግ ነበር። ስለዚህ ኢየሱሳዊው አባ ሻርል ዣቪዬ ደ ብሬቨዳን ስማቸውን ዮሴፍ አሰኝተው፣ የሐኪሙ አሽከር መስለው ተጓዙ።

መንገዱ በስናር በኩል ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። አባ ብሬቨዳን ጎንደር ለመግባት ጥቂት ሲቀራቸው፣ በጁላይ 9 ቀን 1699 ባርኮ በተባለ ስፍራ በተቅማጥ ዐረፉ። ፖንሴ በጁላይ 21 ያለ እርሳቸው ገባ። የካህኑን ጽናት እናከብራለን፤ ነገር ግን የታመመ ንጉሥ አምኖ በጠራው ሐኪም ጓዝ ውስጥ ካህንን መሸሸግ ንጹሕ ሥራ ነበር ለማለት ብዕራችን አይታዘዝልንም።

ንጉሠ ነገሥቱ ተፈወሱ። ፖንሴም እስኪመለስ ድረስ አገሩን በዓይኑ መረመረ። እንፍራዝ ላይ እስከ 300 የሚደርሱ ጥርኞች ያሏቸው ነጋዴዎችን ማየቱን ጽፏል። ጥርኞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ ሥጋ፣ በቀረው ቀን የወተት ገንፎ ይበላሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ዝባዳቸው ተፍቆ በበሬ ቀንድ ውስጥ ይከደናል። በአውሮፓ ሣጥኖች በብር ዕቃ የሚታየው ቅመም መነሻው ይህ ቀንድ ነበር።

ፖንሴ በሜይ 1700 ከጎንደር ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሙራድ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሲልኩ፣ ፈረሶች፣ አንድ ዝሆንና ሕፃናት አስይዘውት ነበር። ሕፃናት ከስጦታ መቈጠራቸው ልብ ያቈስላል። ዝሆኑ ከመድረሱ በፊት ሞተ፤ በጨፋ ሜዳ ከብት የሚነዱ የጨፋ ሮቢት ወገኖቻችን፣ ዝሆንን እስከ ባሕር ዳርቻ መንዳት ምን ማለት እንደ ሆነ ይገምቱታል። ካይሮ ላይ ደ ማዬና ሙራድ ተጣሉ፤ ሙራድም ፈረንሳይን ሳያይ ቀረ።

ፖንሴ ግን በ1701 ፓሪስ ደርሶ በሉዊ 14ኛ ፊት ቀረበ። ቃሉን የተጠራጠሩ በዙ፤ ጎንደርን ጭራሽ አላየም እስከ ማለት የደረሱም ነበሩ። መጽሐፉ በ1704 ቢታተምም ሐሜቱ አልቆመም። ዱ ሩል የተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ወደ ጎንደር ሲጓዝ በ1705 ስናር ላይ ተገደለ፤ በሚከተለው ዓመት ዐፄ ኢያሱም ተገደሉ። ለፖንሴ የሚመሰክርለት ንጉሥ አልቀረም። እርሱም ወደ ፋርስ ሄዶ በዚያው ሞተ።

ከ70 ዓመት በኋላ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ለፖንሴ ተከራከረለት። ብሩስ ራሱም በአገሩ ሰዎች ዘንድ ሐሰተኛ ተብሎ ነበር።